የኳስ ሜዳና የበርጫ ቤት

1. ስለ አፋምቦ አገር

የአዋሽ ወንዝ በጊንጪ አጠገብ ካለው ደጋ ይነሣል። ከዚያም ወደ ምሥራቅ ዞሮ ቆላውን እየሰነጠቀ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ብዙ ታላላቅ ወንዞች መጨረሻቸው ባሕር ነው፤ አዋሽ ግን ከባሕር አይደርስም። በአፋር ቆላ በሐይቆች መካከል ገብቶ እዚያው ይቀራል። ከእነዚህ ሐይቆች አንዱ አፋምቦ ይባላል፤ የመጨረሻውም በጅቡቲ ድንበር ላይ ያለው የአቤ ሐይቅ ነው። ከአሳይታ ከተማ በታች ያለው ወረዳም እንደ ሐይቁ አፋምቦ ተብሎ ይጠራል።

በዚህ አገር የሚኖሩት አፋሮች ግመልና ፍየል፥ ላምና በግ ያረባሉ፤ በወንዙም ዳር በቆሎ የሚዘሩ አሉ። የአገሩ ሙቀት እጅግ ብርቱ ነው፤ በሐሩር ወራት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ስለዚህ ቀትር ሲሆን ሰውም ከብትም ጥላ ይፈልጋል። ሥራም ጨዋታም የሚሆነው በማለዳና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው።

በጥላ ሥር ማረፍ ክፉ ነገር አይደለም። ነገር ግን በዕረፍት ሰዓት የሚደረገው ነገር ልጅን ሊያቀናው ወይም ሊያጠፋው ይችላል። «ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» የተባለው ስለዚህ ነው። መነኩሴን እንኳ ያስቸገረ ሥራ ፈትነት፥ ጢም ያላበቀለን ልጅ እንዴት አብልጦ አያስቸግረው!

2. ስለ ጫት

ጫት በደጋ የሚበቅል ተክል ነው፤ በሐረርጌ ተራሮች ብዙ ገበሬዎች ይተክሉታል። በለጋው ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ሰውነትን የሚያነቃቃ ነገር አለ። ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ ግን ይህ ኃይሉ በሁለት ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ ይቀንሳል። ስለዚህ ነጋዴዎች ጫቱን በመኪና እያስቸኮሉ ወደ ቆላ ያወርዱታል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዋሽ ከተማና በሰመራ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ታላቅ መንገድ ለእህልና ለልብስ እንደሚጠቅም ሁሉ፥ ሱስም የሚጓዝበት መንገድ ሆኗል።

ጫት የሚቅም ሰው መጀመሪያ ደስ ይለዋል፤ ይህም ምርቃና ይባላል። በምርቃናው ጊዜ ወሬው ይጣፍጠዋል፤ ቤት የሠራ፥ ንግድ ያቋቋመ፥ አገር የዞረ ይመስለዋል። ነገር ግን ከተቀመጠበት ምንጣፍ አልተነሣም። ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ የደሙ ግፊት ይጨምራል፤ ምግብ ያስጠላዋል፤ ሌሊትም እንቅልፍ ይርቀዋል። በማግሥቱ ሰውነቱ ይዝላል፤ ጠባዩ ይከፋል፤ ሐራራ የሚባለው ብርቱ ምኞትም ይይዘዋል። ምርቃናውንም ለመስበር መጠጥ የሚጠጣ አለ፤ ይህንንም ጨብሲ ይሉታል። እንዲህ አንዱ ሱስ ሌላውን እየጎተተ ይመጣል፤ ጫት ሲጋራን፥ ሲጋራ ሺሻን፥ ጨብሲም አረቄን ይጠራል።

ጫት መቃም በኢትዮጵያ ሕግ የተከለከለ አይደለም። ሲጋራንና መጠጥን ግን በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ ከልክሏል። ሕግ ያልከለከለው ነገር ሁሉ ለልጅ ይጠቅማል ማለት ግን አይደለም።

አንዳንድ ልጅ፦ «አባቴ ይቅማል፥ አጎቴም ይቅማል፤ እኔስ ስለምን አልቅምም?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ስለሆነ መልስ ይገባዋል። መልሱም እንዲህ ነው፤ ልጅ ገና በማደግ ላይ ነው፤ ሰውነቱ ምግብና እንቅልፍ ይፈልጋል፤ ጫትም እነዚህን ሁለቱን ይወስድበታል። አባት የራሱን ፍየል ሽጦ ይገዛል፤ ልጅ ግን የራሱ ገንዘብ ስለሌለው ወይ ይለምናል ወይ ይሰርቃል። ደግሞም ሽማግሌውን በጎን ጠጋ ብሎ «በልጅነትዎ ባይጀምሩት ይሻልዎት ነበርን?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ነው። ሽማግሌ እውነቱን ሲናገር መስማት ከብዙ ተግሣጽ ይበልጣል።

3. የሁለት ልጆች ምሳሌ

በአንድ መንደር ሁለት እኩያሞች እንዳሉ ይታሰብ። ሁለቱም ከትምህርት ቤት በ6 ሰዓት ይወጣሉ፤ ሁለቱም እስኪመሽ ድረስ የሚሠሩት ነገር የላቸውም። አንደኛውን የሰፈሩ ጎረምሶች ወደ በርጫ ቤት ጠሩት። መጀመሪያ ውኃ እንዲያመጣላቸው ብቻ ነበር የላኩት። በሁለተኛው ሳምንት ጥቂት ቅጠል ሰጡት፤ በነጻም ሰጡት። በወሩ ግን ነጻው ቀረና ዋጋውን እንዲያመጣ ነገሩት። ከዚያ ወዲያ እናቱ የወተቱን ገንዘብ ስትቆጥር አልሞላላት አለ።

ሁለተኛውን መምህሩ ጠራውና «በ11 ሰዓት ሜዳ ላይ ተገኝ» አለው። ይህም ልጅ ከመጀመሪያው የሚሻል ልጅ አልነበረም፤ ኳስ መምታትም አያውቅም ነበር። ነገር ግን የሚጠብቀው ሰው አገኘ። አንድ ቀን ቢቀር፥ ጓደኞቹ «ስለምን ቀረህ?» ብለው ጠየቁት። ሌሊት ካልተኛ ማለዳ መሮጥ እንደማይችል ከራሱ እግር ተማረ።

የሁለቱን ልጆች መንገድ የለየው ጠባያቸው አይደለም። አስቀድሞ የጠራቸው ሰው ነው። ስለዚህ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደተባለ፥ ቅጠሉ ልጁን ሳይዘው አስቀድሞ ልጁን መጥራት የታላላቆች ሥራ ነው።

4. የማታሬ ልጆች

በኬንያ አገር በናይሮቢ ከተማ ማታሬ የሚባል እጅግ ድኃ ሰፈር አለ። ቤቶቹ ከቆርቆሮ የተሠሩና የተጠጋጉ ናቸው። በመንገዶቹም ላይ ብዙ ቆሻሻ ይከማች ነበር። ከልጆቹም ብዙዎች ትምህርት ቤት አይሄዱም ነበር፤ የጫማ ማጣበቂያ ማስቲሽ እያሸተቱ ረኃባቸውን የሚያታልሉም ነበሩ። ነገር ግን እነዚሁ ልጆች ከላስቲክና ከገመድ ኳስ እየሠሩ ይጫወቱ ነበር።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. ቦብ መንሮ የሚባል የካናዳ ሰው የማታሬ ወጣቶች ስፖርት ማኅበርን መሠረተ። የማኅበሩ ሕግ እንዲህ ነበረ፤ ማኅበሩ ለልጆች ውድድር ያዘጋጃል፤ ልጆቹም በፋንታቸው ለሰፈራቸው ሥራ ይሠራሉ። እያንዳንዱ ቡድን የሰፈሩን ቆሻሻ ይጠርጋል፥ የውኃ መውረጃውንም ቦይ ይከፍታል። ጽዳቱንም ለፈጸመ ቡድን በውድድሩ ሰንጠረዥ ላይ 6 ነጥብ ይጨመርለታል። ግጥሚያ ያሸነፈ ቡድን 3 ነጥብ ብቻ ስለሚያገኝ፥ መጥረጊያ የያዘ ቡድን ግብ ካገባው ቡድን የሚቀድምበት ጊዜ ነበረ።

በዚህ ማኅበር ውስጥ ዳኞቹም አሠልጣኞቹም አብዛኞቹ የሰፈሩ ወጣቶች ነበሩ። በጨዋታም ጊዜ ከዳኛው ጋር የሚነጋገረው አምበሉ ብቻ ነበር፤ ሌላው ተጫዋች ቢጮህ ይቀጣ ነበር። ለክፉ ተጫዋች ቢጫና ቀይ ካርድ እንዳለ ሁሉ፥ ጨዋ ለሆነ ተጫዋች አረንጓዴ ካርድ ይሰጥ ነበር። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ለሴቶች ልጆች ውድድር ተጀመረ። በ1994 ዓ.ም. ከእነዚህ ልጆች መካከል ማታሬ ዩናይትድ የሚባል ቡድን ተቋቋመ፤ በ2008 ዓ.ም. ይኸው ቡድን የኬንያን ሊግ አሸነፈ።

ዋንጫው ጥቂቶች ብቻ የሚደርሱበት ነገር ነው። ኳስ ከተጫወቱት ከብዙ ሺህ ልጆች መካከል በታላቅ ቡድን የተጫወቱት ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት ግን ሰዓት ማክበርን፥ ለሕግ መታዘዝንና በሥራ መከበርን ተምረዋል።

5. የአይስላንድ ልጆች

ሱስ የድኃ አገር መከራ ብቻ አይደለም። አይስላንድ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ያለች ብርዳም ባለጠጋ ደሴት ናት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. ዕድሜያቸው 15 እና 16 ዓመት የሆኑ ልጆች ሲጠየቁ፥ ከመቶው 42 ባለፈው ወር ሰክረው እንደ ነበሩ ተናገሩ። ከመቶው 23 በየቀኑ ሲጋራ ያጨሱ ነበር፤ ከመቶው 17 ሐሺሽ ቀምሰው ነበር።

የአገሩ ሹማምንትና ወላጆች ተማከሩ። ልጅን መገሠጽ ብቻውን እንዳልጠቀመ አዩ። ስለዚህ ብዙ ነገር በአንድነት አደረጉ። ለልጆች የስፖርትና የሙዚቃ ቦታ አበጁ፤ አሠልጣኝም ሰጡ፤ የድኃ ልጅ እንዳይቀር ከሕዝብ ገንዘብ ረዱ። ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ብዙ ጊዜ እንዲውሉ ተስማሙ። ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆችም በክረምት ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ ብቻቸውን በውጭ እንዳይገኙ ሕግ ከለከለ።

በ2016 ዓ.ም. እንደ ገና ቢጠየቁ፥ በወሩ የሰከሩት ከመቶው 5፥ በየቀኑ የሚያጨሱት 3፥ ሐሺሽ የቀመሱትም 7 ብቻ ሆነው ተገኙ። ይህ ለውጥ በአንድ ዓመት አልመጣም፤ 18 ዓመት ወስዷል። እንግዲህ ልጅን ከሱስ መጠበቅ እንደ ተምር ተከላ ትዕግሥት ይፈልጋል።

6. ኳስ ብቻውን አያድንም

ከዚህ በላይ የተነገረውን የሰማ ሰው «እንግዲያውስ ለልጆቹ አንድ ኳስ ይገዛላቸውና ነገሩ አለቀ» ሊል ይችላል። ነገር ግን ኳስ ብቻውን አያድንም። ከግጥሚያ በኋላ ድላቸውን በመጠጥ የሚያከብሩ ተጫዋቾች አሉ። በኳስ ውጤት ገንዘብ እየተወራረዱ የሚከስሩም አሉ። ሜዳውም ያለ ጠባቂ ሲቀር የጠብና የስድብ ቦታ ይሆናል።

ስለዚህ የኳስ ቡድን ልጅን እንዲጠብቅ አራት ነገሮች ያስፈልጉታል። አንደኛው የታወቀ ሰዓት ነው፤ ልጁ በበርጫው ሰዓት ሜዳ ላይ እንዲገኝ። ሁለተኛው የሚታመን ታላቅ ሰው ነው፤ እርሱም ራሱ የሚቅም ከሆነ ቃሉ ከንቱ ይሆናል። ሦስተኛው ለሁሉ እኩል የሆነ ሕግ ነው። አራተኛውም ከጨዋታ ሌላ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ልጁ መንደሩ እንደሚፈልገው እንዲያውቅ።

አንድ ከባድ ነገር ይቀራል። አንድ ልጅ ቅሞ ወደ ሜዳ ቢመጣ ምን ይደረግ? ቢያባርሩት ወደ በርጫ ቤት ይመለሳል፤ በዚያም እጃቸውን ዘርግተው ይቀበሉታል። እንዲጫወት ቢተዉት ደግሞ ሕጉ ይሞታል፤ ሌሎቹም ይከተሉታል። የሚሻለው መካከለኛው መንገድ ነው። በዚያ ቀን አይጫወት፤ ነገር ግን ከሜዳው አይሂድ። ከጓደኞቹ ጋር በዳር ይቀመጥ፤ ውኃ ያቅርብ፥ የወጣውን ኳስ ይመልስ። በሚቀጥለውም ቀን ንጹሕ ሆኖ ቢመጣ ቦታው ይመለስለት። እንዲህ ሲሆን ቅጣቱ ያስተምረዋል እንጂ አይጥለውም።

7. የአፋር ጥንታዊ ሥርዓት

ለአፋር ልጆች ይህ ሁሉ እንግዳ ትምህርት አይደለም። አፋሮች ከፍየል ቆዳ በተጠቀለለ ኳስ በሁለት ትልልቅ ወገን ሆነው የሚጫወቱት ኰሶ የሚባል የቆየ ጨዋታ አላቸው። በዚህ ጨዋታ እግረ ፈጣንና ትንፋሸ ረጅም የሆነ ሰው ይከበራል።

ደግሞም ፊዕማ የሚባል የእኩያሞች ማኅበር አላቸው። በፊዕማው ውስጥ አለቃ አለ፤ ያጠፋ አባል በማኅበሩ ሕግ ይቀጣል፤ የተቸገረም ይረዳል። መልካም የኳስ ቡድን ከዚህ የራቀ ነገር አይደለም፤ አምበሉ እንደ አለቃ፥ ተጫዋቾቹ እንደ እኩያሞች ናቸው።

ሦስተኛውም ዳጉ ነው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን አንዱ ለሌላው በእውነት ይነግረዋል። በዳጉ ሐሰት መናገር ታላቅ ነውር ነው። የዝናብ፥ የግጦሽና የሰላም ወሬ በዳጉ እንደሚሄድ ሁሉ፥ ሱስ የጎዳው ልጅ ታሪክም፥ ከሱስ የተመለሰውም ልጅ ታሪክ በዚሁ መንገድ ሊሄድ ይችላል።

8. የመጨረሻዎቹ 30 ደቂቃዎች

በኢትዮጵያ የእግር ኳስ ታሪክ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተመሠረተ። በዚህ ቡድን ረጅም ዘመን ከተጫወቱት ሰዎች አንዱ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። በኋላም አሠልጣኝ ሆኑ፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስኪሞቱ እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበሩ።

በጥር ወር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ሆነ። ኢትዮጵያውያን በአቶ ይድነቃቸው እየተመሩ ከግብፅ ቡድን ጋር ተጋጠሙ። 90 ደቂቃው ሲያልቅ 2 ለ 2 ነበሩ፤ ስለዚህ 30 ደቂቃ ተጨመረ። በዚያን ጊዜ ሁሉም ደክመው ነበር። ነገር ግን ኢትዮጵያውያን ሁለት ግብ አግብተው 4 ለ 2 አሸነፉ፤ ዋንጫውንም ወሰዱ።

በእነዚያ 30 ደቂቃዎች የሚሮጥ እግር በዚያው ቀን አልተገኘም። በብዙ ማለዳ ልምምድ፥ በደህና ምግብና በሌሊት እንቅልፍ የተጠራቀመ ኃይል ነው። በርጫ ቤት የዋለ ሰው ይህን ኃይል በየዕለቱ ያባክነዋል፤ በሚያስፈልገውም ቀን ቢፈልገው አያገኘውም። ሕይወትም ለሰው ሁሉ የተጨመረ ሰዓት ታመጣለች። ድርቅ ይመጣል፥ በሽታ ይመጣል፥ ወላጅ ያረጃል። ያን ጊዜ ትንፋሽ ያለው ልጅ ቤተሰቡን ይሸከማል።

9. ለአፋምቦ መንደሮች

አንድ የኳስ ቡድን ለማቋቋም ብዙ ሀብት አያስፈልግም። ሜዳ ለማበጀት እሾህና ድንጋይ መልቀም፥ ለግብ ሁለት ሁለት እንጨት መትከል ይበቃል። ኳስ ቢጠፋ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይሰፋል። ጨዋታው ከፀሐይ ለመዳን በማለዳ ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ይሁን፤ የሚጠጣ ንጹሕ ውኃም በቅርብ ይኑር። ለሴቶች ልጆችም የራሳቸው ሰዓት ይመደብላቸው።

ለከብቶች የሚጠጣ ውኃ የሚወርድበትን ቦይ መጥረግ፥ የትምህርት ቤቱን ግቢ ማጽዳት፥ ለአሮጊቶች ውኃ መቅዳት፥ እነዚህ እንደ ማታሬ ልጆች ነጥብ የሚያሰጡ ሥራዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ያን ጊዜ ሽማግሌዎች ኳስን «የሥራ ፈቶች ጨዋታ» አይሉትም፤ ልጆቻቸውን ራሳቸው ወደ ሜዳ ይልካሉ።

የአዋሽ ወንዝ ከባሕር ሳይደርስ ይቀራል፤ ነገር ግን ባለፈበት ሁሉ ሣርና እህል ስላበቀለ ከንቱ ወንዝ የሚለው የለም። እንደዚሁም ኳስ የተጫወተ ልጅ ሁሉ ከታላቅ ቡድን አይደርስም። ነገር ግን ጤናውን፥ እንቅልፉንና የወላጆቹን እምነት ጠብቆ ካደገ፥ ጨዋታው ፍሬ አፍርቷል።

ጥያቄዎች

1. የአዋሽ ወንዝ ከየት ይነሣል? በየት ይቀራል?
2. ነጋዴዎች ጫትን በመኪና የሚያስቸኩሉት ስለምን ነው?
3. የሁለቱን እኩያሞች መንገድ የለየው ምንድን ነው?
4. በማታሬ ሰፈር ጽዳት የፈጸመ ቡድን ስንት ነጥብ ያገኝ ነበር? ግጥሚያ ያሸነፈውስ?
5. «ኳስ ብቻውን አያድንም» የተባለው ስለምን ነው? አራቱን ነገሮች ተናገር።
6. ቅሞ ወደ ሜዳ የመጣ ልጅ ቢባረር ምን ይሆናል? እንዲጫወት ቢተውስ?
7. በመንደርህ ሽማግሌ ዘንድ ሄደህ በልጅነታቸው ምን ዓይነት ጨዋታ ይጫወቱ እንደ ነበር በአክብሮት ጠይቅ፤ የሰማኸውንም በክፍል ውስጥ ተናገር።